ሽሮን የሚንቅ ነጻነት



የዛሬው ጽሑፋችን ስለ ወጥ ነው። ርእሱ ለመንፈሳዊ ትምህርት የማይመጥን የሚመስለው ሰው ካለ፣ ሐዋርያው ጳውሎስ ማን ምን ይብላ በሚለው ክርክር ላይ የሮሜን መልእክት ምዕራፍ 14 ከሞላ ጎደል ሙሉውን እንደሰጠ ያስታውስ።

በደጎሎና በአካባቢው፣ እስከ መካነ ሰላምም ድረስ፣ በአንዳንድ አማኞች አፍ የተለመደ አነጋገር አለ። ሥጋ የሌለበት ማዕድ አያጠግብም፤ ሽሮ ሆድ ይነፋል እንጂ ጉልበት አይሰጥም፤ ጎረቤቶቻችን በጾም ሰበብ ራሳቸውን አጎሳቁለዋል፤ እኛ ግን ከዚህ ባርነት ወጥተናል ይባላል። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ እንደ ቀልድ ባለፍነው። አሁን ግን መፈተኛ ሆኗል። አዲስ አማኝ ወደ ጉባኤ ሲመጣ በክርስቶስ ስለ ማመኑ ከመጠየቁ በፊት ዓርብ ቀን ሥጋ ይበላ እንደሆነ የሚጠይቁት አሉ። ካመነታ «ገና አልተፈታም» ይሉታል። ከብልጽግና ወንጌል ሰባኪዎች የተማሩ ደግሞ አንድ እርምጃ አልፈው የንጉሥ ልጅ ሽሮ አይበላም ይላሉ።

ይህን አጥብቀን እንቃወማለን። በአግባቡ የተሠራ ሥጋ አልባ ምግብ ያጠግባል፣ ሰውነትንም ይገነባል። ሥጋ መብላትም የድነት ምስክር ሆኖ አያውቅም።

ከሆድ እንጀምር። ደጎሎ የጃማ ወረዳ ከተማ ናት። ከከተማዋ ወጣ ሲሉ የሚታየው ሜዳ ጥቁር ዋልካ ነው። ክረምቱን ውኃ አዝሎ ይከርማል፤ ዝናቡ ሲወጣ በያዘው እርጥበት ምስርና ጓያ ያበቅላል። ስንዴውም፣ ጤፉም፣ ባቄላውም ከዚያው ነው። ከዚህ አብዛኛው የሚታጨደው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። የኦርቶዶክስ ጎረቤቶቻችን ጾመ ነቢያት ደግሞ ኅዳር 15 ገብቶ የሚፈታው በገና ነው። እንግዲህ አስቡት። ከዓመቱ ሥራ ሁሉ የከበደው አጨዳና ውቂያ የሚውለው ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል በማይቀመስበት ወቅት ነው። ለደቦ የወጣ አጫጅ ከማለዳ እስከ ማታ ጎንበስ ብሎ የሚውለው በእንጀራና በሽሮ፣ በባቄላ ንፍሮና በገብስ ቆሎ ነው። ፍልሰታም የሚጾመው በነሐሴ፣ አረሙ በሚበረታበት ጊዜ ነው። ሽሮ ጉልበት የማይሰጥ ቢሆን ኖሮ በዚህ ደጋ አንድም አውድማ ባልተወቃ ነበር።

ምእመኑ እንዲጾማቸው የታዘዙት ቀናት በዓመት 180 ያህል ናቸው። በቀሩትም ቀናት ቢሆን የገጠሩ ሰው ሥጋ የሚያየው በመስቀል፣ በገናና በፋሲካ፣ ሙስሊሙም በዒድና በአረፋ ነው። በሀገራችን በአማካይ ለአንድ ሰው በዓመት የሚደርሰው ሥጋ ከ10 ኪሎ በታች ነው። «ያለ ሥጋ መኖር ይቻላል ወይ?» ብለው የሚከራከሩን ወንድሞች ራሳቸው ያደጉት በምን ይሆን?

ለምን እንደሚያጠግብም የታወቀ ነው። ጥራጥሬ ፋይበር የሚባለው አሰር ስላለው ከሆድ ቶሎ አይወርድም። ፕሮቲኑም ቀላል አይደለም። 100 ግራም ደረቅ ምስር 25 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው፤ ባቄላም እንደዚያው፣ ሽምብራ ወደ 20 ግራም። ያልበሰለ ቀይ ሥጋም በ100 ግራም የሚይዘው ከ20 ግራም ብዙ አይርቅም። ነገር ግን ለመርታት ስንል አናታልል። ምስር ሲበስል ውኃ ስለሚጠጣ በ100 ግራም የበሰለ ምስር ውስጥ የሚገኘው ፕሮቲን 9 ግራም ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ከሥጋ ይልቅ መጠኑ መብዛት አለበት። 60 ኪሎ የሚመዝን ጤነኛ ሰው በቀን 50 ግራም ያህል ፕሮቲን ይበቃዋል። በቀን 400 ግራም የጤፍ ወይም የስንዴ ዱቄትና 80 ግራም ጥራጥሬ የሚበላ ሰው 60 ግራም ያህል ያገኛል። የእህል ፕሮቲን ከሥጋው ይልቅ በመጠኑ አንሶ ቢፈጭም እንኳ ይደርሳል።

ደግሞም እንጀራና ሽሮ ጥሩ ባልና ሚስት ናቸው። ጤፍና ስንዴ ላይሲን የሚባለው የፕሮቲን ክፍል ያንሳቸዋል፤ ጥራጥሬ ላይሲን ሞልቶታል። ጥራጥሬ በበኩሉ ሜታዮኒን የሚባለው ያንሰዋል፤ ያንን ጤፉ ይሞላለታል። እርሾውም ሊጡን ሲያቦካ፣ በእህሉ ውስጥ ያለውን ብረትና ዚንክ አስሮ የሚይዘውን ነገር ይቀንሰዋል። እናቶቻችን የእነዚህን ነገሮች ስም ሳይሰሙ ሥራውን ሠርተውታል። የጌታ ጥበብ በአንድ ሞሰብ ላይ!

ታዲያ «ሽሮ አያጠግብም» የሚል ሰው ሁሉ ዋሸ ማለት ነው? አይደለም። ስድስት ሰው ለሚበላበት ድስት ሁለት ማንኪያ የሽሮ ዱቄት ጣል ተደርጎ፣ ውኃው በዝቶ፣ በርበሬው ቀልቶ ሲቀርብ ያ ሰው እውነቱን ነው፤ የቀረበለት የቀላ ውኃ ነው። ጥፋቱ ግን የሥጋ አለመኖር ሳይሆን የሽሮው ማነስ ነው። ወፍራም ተጋቢኖ፣ ክክ አልጫ፣ ድፍን ምስር፣ በሰናፍጭ የተመታ ስልጆ፣ የሱፍ ፍትፍት፣ ተልባ፣ ከጎኑ ጎመንና ቃሪያ፤ ይህን በልቶ ራበኝ የሚል ሰው ቢመጣ ሌላ ነገር ነው የራበው። የአንድ ኪሎ ሥጋ ዋጋ ብዙ ኪሎ ባቄላ ይገዛል። ይህንን የምንለው ለድሃ ድሃ ምግብ ይበቃዋል ለማለት አይደለም፤ ለአንድ ቀን ሥጋ ተብሎ የሳምንቱ ወጥ የሚቀጥንበትን ቤት ስለምናውቅ ነው።

ስለ ብረትም አንድ ነገር እንበል። ከእህልና ከቅጠል የሚገኘው ብረት እንደ ሥጋው ብረት በቀላሉ ወደ ደም አይገባም። ሎሚ፣ ቲማቲምና ጥሬ ቃሪያ አብረው ሲበሉ ይረዱታል፤ ቡናና ሻይ ያግዱታል። የወሎን ሰው ቡና ተው ብለን በምድር ላይ ያለንን ሰላም አናበላሽም። እንጀራው ከተነሣ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ይፈላ ነው የምንለው። በተለይ ነፍሰ ጡር ባለችበት ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሥጋ የሌለበት ምግብ ሰውን የጎዳበት ታሪክ አለ፤ አንደብቀውም። እርሱም የጓያ ታሪክ ነው። ጓያ ድርቅን የሚችል፣ በዋልካ ላይ የሚበቅል፣ ሽሮው የሚጣፍጥ እህል ነው። በውስጡ ግን ኦዳፕ የሚባል መርዝ አለ። ሰው ለወራት ጓያን ዋና ምግቡ አድርጎ ሲበላ እግሩን ሽባ ያደርገዋል፤ ከዚያ በኋላ መድኃኒት የለውም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በእኛው ወሎ፣ በደላንታ ዳውንት፣ ድርቁ ሌላውን እህል ሲያጠፋና ጓያ ብቻውን ሲተርፍ ይህ በሽታ እንደ ወረርሽኝ ተነሥቶ ብዙ ሰው በምርኩዝ ቀርቷል። ተቃዋሚዎቻችን ይህንን ጠቅሰው ጥራጥሬን ሊያስፈሩን ይሞክራሉ። ነገሩ የሚያስተምረው ግን ሌላ ነው። እነዚያን ሰዎች የሰበራቸው አንድ እህል ብቻ መብላት ነው። ጓያን ከሌላ እህል ጋር እየቀላቀሉ ጥቂት መብላት አደጋውን ይቀንሳል፤ ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋትም እንደዚሁ። ረሀብ ያለ ምርጫ ያስቀረውን ሰው ሥጋ ብላ ማለት ደግሞ ንግሥት ያለችው ከሚባለው ከዚያ ከኬኩ ወሬ በምን ይለያል?

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን የሕፃናቱ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ልጆች 46 በመቶ የሚሆኑት የቀነጨሩ ሆነው ተገኝተዋል፤ የሀገሪቱ አማካይ 38 በመቶ ነበር። የሰቆጣ ቃል ኪዳን በ2015 እ.ኤ.አ. የታወጀውም ይህን ለማስቆም ነው። «አያችሁ? ሥጋ ስለማይበሉ ነው» የሚለን አይጠፋም። ነገሩ እንዲህ በአንድ ቃል አያልቅም። ንጹሕ ያልሆነ ውኃ፣ የሚደጋገም ተቅማጥ፣ የእናት መጎዳት፣ ስድስት ወር ለሞላው ልጅ የሚሰጠው ቀጭን አጥሚት ሁሉ አለበት። እህል በሚትረፈረፍባቸው የክልሉ ወረዳዎችም ልጆች ይቀነጭራሉ።

ቢሆንም ከዚህ ክስ ውስጥ እውነት የሆነውን እንቀበላለን። የሕፃን ሆድ ትንሽ ናት፤ አዋቂው ምስር አብዝቶ የሚያገኘውን እርሱ አብዝቶ ሊያገኝ አይችልም። ቢ12 የሚባለው ቫይታሚን ደግሞ በጥራጥሬም በአትክልትም የለም፤ የሚገኘው ከእንስሳት ብቻ ነው። አዋቂ ሰው በጉበቱ ውስጥ ለረጅም ጊዜ የሚበቃ ስንቅ ስላለው በ55 ቀን ዓቢይ ጾም አይጎዳም። ለሕፃንና ለምታጠባ እናት ግን ወተትና እንቁላል ያስፈልጋል። ልብ በሉ፣ ወተትና እንቁላል አልን። በእነርሱ ላይ ቁርጥ የግድ አይደለም።

አሁን ወደ ቤታችን እንመልከት። በአማኝ ቤት ረቡዕና ዓርብ እንቁላል የሚከለክል የለም። ዶሮዋ ትጥላለች፤ እንቁላሉ ግን በገበያ ቀን ተቆጥሮ ይወጣል፤ በምትኩ ጨውና ሳሙና ይገባል። ልጁ እንጀራ በሽሮ ውኃ እየተነከረ ይሰጠዋል። ሥጋ የነጻነት ምልክት ነው የሚለው ወንድም ደግሞ ከተማ በወጣበት ቀን ከጓደኞቹ ጋር ቁርጥ ቤት ይገባል። (ጥሬ ሥጋ የኮሶ ትል እንደሚያመጣ ሳንጨምር ነው!) ይህ ወንድም በጎረቤቱ ጾም ላይ የሚሰብክበት አንደበት ከየት አገኘ? የጎረቤቱ ቤተ ክርስቲያን ሰባት ዓመት ያልሞላውን ልጅ ጹም አትለውም። እርሱ ግን ጾም በሌለበት ቤት ልጁን ያስጾማል።

ወደ ቃሉ እንምጣ። «ደካማው አትክልት ይበላል» የሚለውን የሮሜ 14 አሳብ እየጠቀሱ የጾም ምግብ ሰውን ያደክማል የሚሉ ሰምተናል። ይህ ቃሉን ማጣመም ነው። ጳውሎስ የተናገረው ስለ ኅሊና እንጂ ስለ ጡንቻ አይደለም። ደግሞም በዚያው ምዕራፍ የሚበላው የማይበላውን እንዳይንቅ አዝዟል። እነዚህ ወንድሞች ሁለተኛውን ቁጥር አንብበው ሦስተኛው ላይ መጽሐፉን ዘጉት። በ1ኛ ቆሮንቶስ 8፥8 ደግሞ መብላታችን በእግዚአብሔር ፊት እንደማያስበልጠን፣ አለመብላታችንም እንደማያሳንሰን ያስተምራል። በጾም ጽድቅ አይገዛም ብለን የምናስተምር ሰዎች፣ በጥብስ ጽድቅ ይገዛል ወደሚል ትምህርት እንዴት እንሄዳለን? የጴጥሮስ ራእይም (ሐዋ. 10) የአሕዛብን በር የከፈተ ነው፤ ሥጋ መብላትን ግዴታ አላደረገም።

ዳንኤልን የሚጠቅሱልን ደግሞ በሌላው ወገን ይሳሳታሉ። ዳንኤልና ጓደኞቹ ለ10 ቀን ጥራጥሬ በልተው ፊታቸው አምሮ ተገኘ፤ ስለዚህ ሥጋ መብላት ቀርቶብን ይላሉ። በዕብራይስጡ ዘሮዒም የተባለው ቃል ከዘር የሚበቅለውን ምግብ በሙሉ የሚያካትት ነው። ነገር ግን የዳንኤል ጭንቀት በንጉሡ ማዕድ እንዳይረክስ ነበር። በምዕራፍ 10 ለሦስት ሳምንት ሥጋ እንዳልቀመሰ ሲናገር፣ በሌላው ጊዜ ይቀምስ እንደነበር መረዳት ይቻላል። ስለዚህ የዳንኤልን ጽዋ ሕግ አናደርገውም። ከዚያ ታሪክ የምንወስደው እግዚአብሔር በጥራጥሬ ማሳደግ እንደማያፍር ነው።

ምስር ስሟ የጠፋው በኤሳው ነው። ስንት ስብከት ሰማን፣ «ለአንድ ሳሕን ምስር ብኩርናውን ሸጠ!» እየተባለ። የኤሳው ኃጢአት ብኩርናውን ማቃለሉ ነው፤ ጠቦት ቢሆንም ኖሮ ኃጢአቱ ያው ነበር። ይልቅ የዳዊት ኃያል የነበረው ሣማ ሕዝቡ ሲሸሽ በምስር እርሻ መካከል ብቻውን ቆሞ ከፍልስጥኤማውያን እንዳዳነው (2ሳሙ. 23) የሚሰብክ ጥቂት ነው። የጃማ ገበሬ ይህን ስብከት ቢሰማ ደስ ባለው! ዳዊት ከአቤሴሎም ሸሽቶ መሃናይም በደረሰ ጊዜ ከቀረበለት ስንቅ መካከልም ባቄላና ምስር ነበረበት፤ በጎችም ነበሩበት፤ ሁሉንም በሉ። በምድረ በዳ ግን መና የሰለቸው ሕዝብ ሥጋ ብሎ አለቀሰ፤ ሥጋውም መጣ፤ የዚያ ስፍራ ስም የምኞት መቃብር ተባለ (ዘኍ. 11)። ሥጋው ርኩስ ሆኖ አልነበረም። የተሰጣቸውን ስለናቁ ነው።

ሌላም ነገር አለ፤ ለእኛ ለዚህ አገር ሰዎች ከሁሉ ይልቅ ሊከብደን የሚገባው ይህ ነው። ያለነው ወሎ ነው። በአንድ ቤተ ዘመድ ውስጥ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይገኛል። በሬ ሲታረድ ቢላዋውን ማን ያዘ የሚለው ጥያቄ ሰዉን ለሁለት ድስት ይከፍለዋል። ክርስቲያኑ የሙስሊሙን እርድ አይበላም፤ ሙስሊሙም የክርስቲያኑን። ምስር ሲቀቀል ግን ማን ቀቀለው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ቅቤ እስካልገባበት ድረስ የሚጾመውም ይቀመጣል፣ ሙስሊሙም ይቀመጣል፣ እኛም እንቀመጣለን። በለቅሶ ቤት ንፍሮ ሲቀርብ አይታችሁ የለም? የሚናቀው የሽሮ ማዕድ በዚህ አገር ሁሉም ጎረቤት አንድ ላይ የሚቀርብበት ማዕድ ነው። ወንጌል ለጎረቤቱ ማድረስ የሚፈልግ አማኝ ይህን ማዕድ ከቤቱ አውጥቶ በምን ሊተካው ነው? ጳውሎስ ለወንድሙ መሰናክል ከሚሆን ሥጋን ፈጽሞ ቢተው እንደሚመርጥ ጽፏል። በዓርብ ቀን የጥብስ ሽታ ሆን ብሎ ወደ ጎረቤት አጥር የሚልክ ሰው የዚያ ሐዋርያ ደቀ መዝሙር አይደለም።

ስለዚህ ጉባኤ ለሚያዘጋጁ የምግብ ኮሚቴ አባላት ይህን እንላለን። በሬ ለመግዛት ከአማኞች የሚሰበሰበው መዋጮ ድሃውን ቤተሰብ የሚያሳፍር ከሆነ ይቅር። ባቄላው ከማምሻው ይዘፍዘፍ፤ ሽሮው አይቅጠን፤ ጎመን ይኑር፤ ቅቤው ለብቻው በጎን ይቅረብ እንጂ ድስት ውስጥ አይግባ፤ ጎረቤቶችም በግልጽ ይጠሩ።

«እንግዲያው ሥጋ እንተው?» ለሚሉን፤ የለም፣ ያለው ሰው አመስግኖ ይብላ። በፋሲካ በግ የሚያርድ ቤት ግን አንድ ነገር ይለውጥ። ጉበቱ ከጨጓራው ጋር ተከትፎ ዱለት ሆኖ መጀመሪያ ለወንዶቹ ነው የሚቀርበው። ከመከተፉ በፊት ከጉበቱ ጥቂት ይነሣ፤ በደንብ ይብሰል፤ ለአራሷና እንጀራ ለጀመረው ልጅ ይሰጥ። ወንዶቹ በቀረው ይብቃቸው፤ ሽሮም አለ።